የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

(ለጎልማሶች የንባብ ትምህርት በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)

ፊደል ቆጥራችሁ ንባብ የጀመራችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁ እየተከተላችሁን እንደሆነ እናምናለን። ያልገባችሁ ቃል ካለ በእርሳስ አስምሩበት። በኋላ መምህራችሁን ትጠይቃላችሁ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውሃ ነው። «ስለ ውሃ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? ስንጠጣው ኖረን የለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ፣ እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ጥሩ ውሃ የምትሉት ምን ዓይነቱን ነው? «የጠራ፣ ሽታ የሌለው፣ ሲጠጡት የሚጥም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ልጅ ሳለሁ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ይህ መልስ ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን ብዙ ሺሕ ሰው የገደለ ስሕተት ነው። የሰው ልጅ ይህን ስሕተት እንዴት እንደ ደረሰበትና እንዴት እንዳረመው በሦስት ከተሞች ታሪክ እንመለከታለን። ከተሞቹ ለንደን፣ ሐምቡርግና ጀርሲ ሲቲ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ውሃ ምንድን ነው?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ውሃ ራሱ ምን እንደሆነ እንወቅ። ውሃ ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው። አንዱ ሃይድሮጅን ይባላል። ሌላው ኦክስጅን ይባላል። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲሆኑ እንደ አየር ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጋዞች ናቸው። ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ውሃ ይሆናል። ይህን በ1780ዎቹ እንግሊዛዊው ካቬንዲሽና ፈረንሳዊው ላቯዚዬ በሙከራ አረጋገጡ። ከዚያ በፊት ሊቃውንቱ ሳይቀሩ ውሃ የማይከፋፈል አንድ ነገር ነው ይሉ ነበር።

ውሃ አንድ ትልቅ ጠባይ አለው። ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። አንድ ቁንጣን ጨው ኩባያ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉት። ጨው ወዴት ሄደ? ዓይን አያየውም። ምላስ ግን ያገኘዋል። አሁን ያንኑ ቁንጣን ጨው በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ምላስም አያገኘውም። ጨው ግን አልጠፋም፤ እዚያው አለ።

ዝናብ ከሰማይ ወርዶ መሬት ሲነካም እንደዚሁ ነው። ሦስት ዓይነት ነገር ይዞ ይሄዳል። አንደኛው ጭቃና ብናኝ ነው። ይህ ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ዓይን ያየዋል። ሁለተኛው ከድንጋይና ከአፈር የሚሟሟ ማዕድን ነው። ይህን ዓይን አያየውም። ሦስተኛው ሕይወት ያለው ነገር ነው። ጀርም እንለዋለን። ጀርም ከሰውና ከእንስሳ ዓይነ ምድር ወደ ውሃ ይገባል። እጅግ ትንሽ ስለሆነ ያለ ማጉሊያ መሣሪያ አይታይም፤ ጣዕምም የለውም።

እነዚህን ሦስቱን ልብ በሉ። የኋላው ትምህርታችን በእነርሱ ላይ ነው።

2. ለንደን፦ ውሃው ጥሩ ነበር፤ ሰው ግን አለቀ

በ1854 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ዋና ከተማ በለንደን ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገባ። ኮሌራ በተቅማጥና በትውከት የሰውነትን ውሃ አሟጦ የሚገድል በሽታ ነው። ጠዋት ደኅና የነበረ ሰው ማታ ይሞታል። በዚያ ሰፈር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰው ሞተ።

በዚያ ዘመን ሐኪሞቹ ሳይቀሩ በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በእኛም አገር ድንገት የታመመውን «መጋኛ መታው» እንደሚባለው ማለት ነው። የሸተተ ነገር ሁሉ በሽታ ያመጣል፤ ያልሸተተ አያመጣም ይሉ ነበር።

ጆን ስኖው የሚባል አንድ ሐኪም ግን ይህን አልተቀበለም። «በሽታው የሚይዘው አንጀትን ነው። ታዲያ በአፍ የገባ ነገር እንጂ በአፍንጫ የገባ አየር እንዴት አንጀትን ይይዛል?» ብሎ አሰበ። ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ። የሞተ ሰው ያለበትን ቤት በካርታ ላይ ምልክት አደረገበት። ምልክቶቹ በዝተው የታዩት ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ ባለ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ነበር።

ስኖውን ያስጨነቀው አንድ ነገር ነበር። የዚያ ፓምፕ ውሃ በጥሩነቱ የታወቀ ነው። ሌላ ቅርብ ፓምፕ ያላቸው ሰዎች እንኳ ጣዕሙን ወደው ከዚያ ይቀዱ ነበር። ከሰፈሩ ርቀው የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ቀድሞ በዚያ ሰፈር ሲኖሩ የለመዱት ውሃ ስለሆነ በጋሪ እያስመጡ ይጠጡ ነበር። እኒያ ባልቴት በኮሌራ ሞቱ። በሚኖሩበት ሰፈር ግን ኮሌራ አልገባም ነበር። አየሩ ነው እንዳይባል አየሩ ሌላ ነው። አንድ የሆነው ውሃው ብቻ ነው።

ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። በዚያው መንገድ ላይ የቢራ መጥመቂያ ነበር። የመጥመቂያው ሠራተኞች ከፓምፑ አጠገብ እየዋሉ በኮሌራ አልሞቱም። ለምን? ከፓምፑ ውሃ አይጠጡም፤ የሚጠጡት ቢራ ነበር።

ስኖው ይህን ይዞ ለሰፈሩ ሹማምንት አመለከተ። በመስከረም 8 ቀን 1854 የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። በዚያ ጊዜ በሽታው መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ብዙ ሰውም ሰፈሩን ጥሎ ሸሽቷል። ቢሆንም የሞት ምንጭ ተዘጋ።

በኋላ የጉድጓዱ ዙሪያ ሲመረመር ምክንያቱ ተገኘ። ከጉድጓዱ አጠገብ ካለ ቤት አንዲት ሕፃን በተቅማጥ ታማ ሞታ ነበር። እናትየው የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ ከቤቱ በታች ወዳለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋው ነበር። የቆሻሻው ጉድጓድ ግንብ ፈርሶ ስለነበር ፍሳሹ በአፈር ውስጥ ሾልኮ ወደ ውሃው ጉድጓድ ይገባ ነበር።

እናትየዋ ምን አጠፋች? ምንም። ያኔ ማንም አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን እናውቃለን። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ መራቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ከለንደን የምንይዘው ትምህርት ይህ ነው፦ ዓይንና ምላስ ስለ ውሃ የተሟላ ምስክርነት ሊሰጡ አይችሉም።

3. ሐምቡርግ፦ አንድ ወንዝ፣ ሁለት ከተማ

ስኖው በ1858 ሞተ። ያንጊዜ ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሮበርት ኮኽ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1884 የኮሌራን ጀርም በማጉሊያ መሣሪያ አይቶ ለዓለም አሳወቀ። የማይታየው ታየ ማለት ነው። ነገር ግን ጀርሙን ማወቅና ጀርሙን ከውሃ ማስወገድ የተለያዩ ናቸው።

በጀርመን አገር ኤልበ በተባለ ወንዝ ዳር ሁለት ከተሞች ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ ሐምቡርግ፣ ሌላው አልቶና ይባላል። ሐምቡርግ ሀብታም የወደብ ከተማ ናት። አልቶና ከእርሷ ያነሰች ናት። ዛሬ አልቶና የሐምቡርግ አንድ ክፍል ሆናለች፤ ያኔ ግን ለየብቻ ይተዳደሩ ነበር። በመካከላቸው ድንበር የሆነው መንገድ ብቻ ነው። በመንገዱ በዚህ በኩል ያለው ቤት የሐምቡርግ፣ በዚያ በኩል ያለው የአልቶና ነበር።

ሁለቱም የሚጠጡት የኤልበን ውሃ ነው። ሐምቡርግ ከከተማው በላይ፣ ወንዙ ገና ሳይቆሽሽ ትቀዳለች። አልቶና ግን ከታች ነው የምትቀዳው። የሐምቡርግ ፍሳሽ ሁሉ ከተጨመረበት በኋላ ማለት ነው። እስቲ ፍረዱ። ኮሌራ ቢገባ የትኛው ከተማ የሚጎዳ ይመስላችኋል? «አልቶና» ትሉ ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

በ1892 ነሐሴ ወር ኮሌራ ገባ። በሐምቡርግ ወደ 8,600 የሚሆን ሰው አለቀ። አልቶና ግን ከሐምቡርግ ጋር ሲነጻጸር የደረሰባት ጉዳት ጥቂት ነበር። በድንበሩ መንገድ ላይ በአንዱ በኩል በየቤቱ ለቅሶ ነው፤ በሌላው በኩል ሰው ሥራውን ይሠራል። አየሩ አንድ ነው። አፈሩ አንድ ነው። በሐምቡርግ በኩል ሆኖ ውሃ ከአልቶና ቧንቧ የሚያገኝ አንድ ግቢም ነበር። በሽታው ያን ግቢ ዘሎት አለፈ።

ምሥጢሩ አሸዋ ነው። ሐምቡርግ ከላይ የቀዳችውን ውሃ እንዳለ ታጠጣለች። የማጣሪያ ግንባታ ጀምራ ነበር፤ ግን አልጨረሰችም። አልቶና ደግሞ ከታች የቀዳችውን ቆሻሻ ውሃ በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ አድርጋ ታጣራው ነበር።

አሸዋ እንዴት ጀርም ያስቀራል? ጀርም ከአሸዋ ቅንጣት እጅግ ያነሰ ነው፤ ሾልኮ አያልፍም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሃው በአሸዋ ላይ ለቀናት ሲያልፍ በአሸዋው አናት ላይ እንደ ስስ ቆዳ ያለ አረንቋ መሰል ነገር ይሠራል። በዚያ ቆዳ ውስጥ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ። እነርሱ ጀርሙን ይይዙታል፤ ይበሉታል። ስለዚህ ውሃው በችኮላ ማለፍ የለበትም። ቀስ ማለት አለበት። በነጠላ ማጥለልና በእንዲህ ዓይነት ማጣሪያ ማጣራት አንድ እንዳይደሉ ልብ በሉ። ነጠላ ትልልቁን ብቻ ያስቀራል።

ሐምቡርግ ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ ማጣሪያዋን አቻኩላ ጨርሳ በ1893 ሥራ አስጀመረች። ዘግይታ ነበር።

4. ጀርሲ ሲቲ፦ መርዝ በልክ ሲሆን

አሸዋ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ጥበቃ ይፈልጋል። ጀርሙንም ሁሉ አይጨርስም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። ይህ መንገድ ክሎሪን ነው።

ክሎሪንን በ1774 ያገኘው ሼለ የተባለ በስዊድን ይኖር የነበረ ሊቅ ነው። ክሎሪን ብቻውን ሲሆን ቢጫ አረንጓዴ መልክ ያለው፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ጋዝ ነው። ከኖራ ጋር ሲዋሐድ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ይህ ዱቄት ለረጅም ጊዜ ጨርቅ ለማንጣት አገልግሏል። ዛሬ በየቤቱ ልብስ የምናነጣበት በረኪናም የክሎሪን ዘመድ ነው።

ጀርሲ ሲቲ በአሜሪካ አገር ከኒውዮርክ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ከ1904 ጀምሮ ውሃዋ የሚመጣው ከሩቅ ግድብ ነበር። ከተማው «ውሃው አንዳንድ ጊዜ ጀርም አለበት፤ ውል የገባችሁት ንጹሕ ውሃ ልትሰጡን ነው» ብሎ አቅራቢውን ኩባንያ ከሰሰ። ኩባንያው ጆን ሊል የሚባል ሐኪም ነበረው። የሊል አባትም ሐኪም ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከጦሩ ጋር ሲዘምት በተቅማጥ በሽታ ተይዞ ለብዙ ዓመት ሲሠቃይ ኖሮ በዚያው ሰበብ ሞቷል። ሊል መጥፎ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ያወቀው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

ሊል ክሎሪን ያለበትን ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ወደ ከተማው በሚሄደው ውሃ ውስጥ በልክ እንዲንጠባጠብ አደረገ። ጆርጅ ፉለር የተባለ መሐንዲስ መሣሪያውን ነደፈለት። ሥራው በመስከረም 26 ቀን 1908 ተጀመረ። ክሎሪን ለመጠጥ ውሃ መጨመር በእርሱ አልተጀመረም። በእንግሊዝ አገር በ1897ና በ1905 ወረርሽኝ በገባባቸው ከተሞች ተሞክሮ ነበር። በአሜሪካ ግን የአንድን ትልቅ ከተማ ውሃ በየቀኑ ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም የተጀመረው በዚህ ነው።

ልኩ ስንት ነበር? እዚህ ላይ አድምጡኝ። በአንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገባው ክሎሪን ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። አንድ ሚሊዮን ሊትር ማለት ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዙ 50,000 ጀሪካኖች ናቸው።

ነገሩ ሲሰማ ከተማው ተቆጣ። «ለሕዝብ መርዝ ታጠጣላችሁ ወይ?» ተባለ። ሕዝቡን አስቀድሞ ያማከረው ሰው አልነበረም። ይህ የሊል ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩ እንደገና ፍርድ ቤት ቀረበ። ሊል ቆሞ ሲጠየቅ ውሃውን ራሱ እንደሚጠጣ፣ ለቤተሰቡም እንደሚሰጥ አስረዳ። ሊቃውንት በግራም በቀኝም መሰከሩ። ውሃው ተመረመረ። በ1910 ውሃው ንጹሕ ነው፣ ዘዴውም ደኅና ነው ተብሎ ተፈረደ። ከዚያ በኋላ ከተማ ከከተማ ተከታትሎ ዘዴውን ያዘ። በውሃ የሚተላለፈው ታይፎይድም በእነዚያ አገሮች እየቀነሰ ሄደ።

ክሎሪን መርዝ ነው የሚሉት ሰዎች ዋሽተው ነበር ወይ? አልዋሹም። በ1915 በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይኸው ክሎሪን በጋዝ መልኩ በወታደሮች ላይ ተለቆ ብዙ ሰው ገድሏል። አንዱ ነገር በዚያ ገዳይ፣ በዚህ አዳኝ ሆነ። ልዩነቱ ልኩ ነው። ለሰው ምንም የማያደርገው ጥቂት ክሎሪን ለጀርም ይበቃዋል። ውሃ ውስጥ ሲገባ የጀርሙን ሽፋን አልፎ ውስጡን ያበላሸዋል።

አንድ ነገር ግን አለ። ክሎሪን ጀርምና ጭቃ አይለይም። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ክሎሪኑ በጭቃውና በቅጠላ ቅጠሉ ላይ ያልቃል። ጀርሙ በጭቃው ውስጥ ተሸሽጎ ይተርፋል። ስለዚህ በከተማ ማጣሪያ ሥራው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ አሉም የሚባል ጨው መሰል ነገር ይጨመራል። የጭቃ ብናኞች እርስ በርስ እየተገፋፉ ስለሚንሳፈፉ በራሳቸው ቶሎ አይዘቅጡም። አሉም መገፋፋቱን ያስቀርና ያያይዛቸዋል። ብናኞቹም ከብደው ይዘቅጣሉ። ቀጥሎ ውሃው በአሸዋ ይጣራል። በመጨረሻ ክሎሪን ይገባል። በአገራችንም ለአዲስ አበባ ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣው ውሃ የሚታከመው በዚሁ መንገድ ነው። በደቡብ አገራችን የሚበቅለው የሽፈራው ዛፍ ፍሬም ሲወቀጥ እንደ አሉም ጭቃን ያዘቅጣል። ሆኖም ውሃውን ማጥራት ማለት ጀርሙን ሁሉ መግደል ማለት አይደለም።

5. የእኔ ስሕተት

አሁን ከሩቅ አገር ወደ ቤታችን እንመለስ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በማስተምርበት መንደር አንድ ክረምት ተቅማጥ ገባ። የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በትንንሽ ጠርሙስ ታደለ። እኔም በማታ ትምህርት ክፍል ቆሜ «በአንድ ክዳን ለክታችሁ ውሃው ውስጥ ጨምሩ» አልኩ። በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን እስከ መጨረሻው አላነበብኩም።

ከተማሪዎቼ አንዷ ሸምገል ያሉ እናት ነበሩ። ቤታቸው ገብተው በትንሽ እንስራ ላይ አንድ ክዳን ጨመሩ። ውሃው ሸተተ፤ አፍ አቃጠለ። ደፉት። ለጎረቤትም ነገሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ደፋ። እንደ ጥንቱ ከወራጁ ውሃ ተጠጣ። በሳምንቱ የእኒያ እናት የልጅ ልጅ በተቅማጥ ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ተወሰደች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ እኒያ እናት ጠርሙሱን ይዘው ወደ ክፍል መጡ። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል እየለዩ አነበቡ። ከዚያም ቀና ብለው፦

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ‹ለ20 ሊትር› ይላል። የእኔ እንስራ ሃያ ሊትር ይይዛል እንዴ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጀርሲ ሲቲ ፍርድ ቤት ድረስ የተከራከረበትን ልክ እኔ ሳላነብ አልፌው ነበር። እርሳቸው ግን ማንበብ በጀመሩ በጥቂት ወራቸው አገኙት። ከዚያን ቀን ወዲህ በመንደሩ የሚለካው በጀሪካን ሆነ።

6. በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀምጡትና ይጥለል። ከዚያ ከላይ ያለውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት።

ሁለተኛ፣ ጀርሙን ግደሉ። የውሃ ማከሚያ ካለ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ አንብባችሁ ጨምሩ። ከዚያ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን ሥራውን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። ማከሚያ ከሌለ አፍሉት። በደጋ አገር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ሦስተኛ፣ የታከመውን ውሃ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አስቀምጡ። እጅ የነካው ጣሳ አይግባበት።

አራተኛ፣ ማፍላትም ክሎሪንም የማያድኑት ነገር እንዳለ እወቁ። ይህ መጀመሪያ ያነሳነው በውሃ ውስጥ የሚሟሟ ማዕድን ነው። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የልጆችን ጥርስ ያቡናል፤ ሲብስ አጥንት ይጎዳል። ቢፈላ አይወጣም። እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ፍሎራይዱ እዚያው ቀርቶ ይበረታል። እንዲህ ያለ ቦታ የምትኖሩ ውሃው እንዲመረመርላችሁ የጤናና የውሃ ባለሙያዎችን ጠይቁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ውሃ ስትቀዱ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩት። ጠርቶ ይሆናል። የብሮድ ስትሪትም ውሃ ጠርቶ ነበር። የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።

እስከሚቀጥለው ትምህርታችን ድረስ ጤና ይስጥልን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ውሃ ይዟቸው የሚሄደው ሦስት ዓይነት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. የቢራ መጥመቂያው ሠራተኞች ከኮሌራ ለምን ተረፉ?
3. አልቶና ከታች እየቀዳች ከሐምቡርግ ያነሰ የተጎዳችው ለምንድን ነው?
4. ድፍርስ ውሃ ውስጥ ክሎሪን መጨመር ለምን አይበቃም?
5. በቤታችሁ ያለው እንስራ ስንት ሊትር ይይዛል? ለክታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።